የዩኒቨርሲቲ ከተማ የምርጫ ውጤት ሲነበብ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በአሜሪካ ኦሃዮ ግዛት የምትገኘው አተንስ 24 ሺህ ገደማ ሕዝብ ያላት፣ ኦሃዮ ዩኒቨርሲቲን የያዘች ትንሽ ከተማ ናት። እ.ኤ.አ. በ1972 ኒክሰን ከአንድ ግዛት በቀር ሁሉንም ሲያሸንፍ፣ አተንስ ካውንቲ (ከተማዋን የያዘው አውራጃ መሰል የግዛቱ ክፍል) ድምፁን የሰጠው ለዴሞክራቱ ተፎካካሪው ለማክገቨርን ነበር። ዛሬም ዙሪያውን ያሉት ካውንቲዎች ወደ ሪፐብሊካን ሲያደሉ እሱ ዴሞክራት እንደሆነ ቀጥሏል። «ተማሪ ስለበዛ ነው» የሚለው መልስ ግን በቂ አይደለም። እንዲህ ያለውን ከተማ የሚያጠኑ ሰዎች በተደጋጋሚ የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው።

ካውንቲውን እንደ ከተማው መቁጠር። አተንስ ካውንቲ ውስጥ እንደ ኔልሰንቪልና ግላውስተር ያሉ የቀድሞ የከሰል ማዕድን መንደሮችም አሉ። በ2012 ዴሞክራቱ ኦባማ ከካውንቲው ድምፅ ሁለት ሦስተኛውን ያህል አገኘ፤ በ2016 የዚያው ፓርቲ ዕጩ ክሊንተን ያገኘችው 56 በመቶ ገደማ ነው። ከዴሞክራቶች የራቀው ተማሪው ነው ወይስ የማዕድን መንደሩ? ለሦስተኛ ፓርቲዎች የሄደውስ ስንት ነው? የካውንቲው ድምር ይህን አይመልስም። ስለዚህ ከካውንቲው የምርጫ ቦርድ በየምርጫ ጣቢያው የተዘረዘረውን ውጤት ይውሰዱና ጣቢያዎቹን በአራት ይመድቧቸው፦ ዶርም የበዛባቸው፣ ተማሪ የሚከራይባቸው ሰፈሮች፣ ቋሚ ነዋሪና መምህራን የሚኖሩባቸው፣ ከከተማ ውጪ ያሉ። ከዚያ በፊት ግን የጣቢያዎቹ ወሰን በሁለቱ ምርጫዎች መካከል አለመቀየሩን ያረጋግጡ። ወሰኑ ከተቀየረ የጣቢያው ስም አንድ ቢሆንም የሚያነጻጽሩት ሌላ ሰፈር ነው።

የተሳትፎ መጠንን በተመዝጋቢ ብዛት ማካፈል። ትልቁ ወጥመድ ይህ ነው። ተማሪ ተመርቆ ሲሄድ ስሙ ወዲያው ከመዝገብ አይወጣም። በ1993 የወጣው የፌዴራል ሕግ እንደሚለው፣ መራጩ መልቀቁን ራሱ ካላረጋገጠ ማስጠንቀቂያ ይላክለታል፤ መልስ ካልሰጠና በሁለት ተከታታይ የፌዴራል ጠቅላላ ምርጫዎች ካልመረጠ ብቻ ነው በመልቀቁ ምክንያት የሚሰረዘው። በዚህ የተነሳ የዶርም አካባቢ መዝገብ ከዓመታት በፊት በለቀቁ ሰዎች ስም ይሞላል። ለምሳሌ 1,000 ስም ባለበት ጣቢያ 300 ሰው ቢመርጥ ተሳትፎው 30 በመቶ ይመስላል። ከስሞቹ 400ዎቹ የለቀቁ ሰዎች ከሆኑ ግን እውነተኛው 50 በመቶ ነው።

አካፋዩን ወደ ሕዝብ ብዛት መቀየርም የራሱ ችግር አለው። የሕዝብ ቆጠራ ተማሪን የሚቆጥረው በሚማርበት ከተማ ነው፤ የውጭ አገር ተማሪዎችም እዚያው ይቆጠራሉ። ስለዚህ የሚያስፈልገው 18 ዓመት የሞላቸው ዜጎች ቁጥር ነው። (በተማሪ ቪዛም ሆነ በዲቪ ገብቶ ገና ግሪን ካርድ ላይ ያለ ወገን በፌዴራል ምርጫ መምረጥ አይችልም። በካምፓስ የሚዞረውን የምዝገባ ፎርም «ዜጋ ነኝ» ብሎ መፈረም ከአገር እስከ መባረር ሊያደርስ ስለሚችል፣ ፎርሙን ሳያነቡ እንዳይፈርሙ።)

ዶርም ያደረ ሁሉ እዚያው ይመርጣል ብሎ ማሰብ። ተማሪ በሚማርበት ከተማ የመመዝገብ መብት አለው። በቴክሳስ ፕሬሪ ቪው የተነሳው ክርክር በ1979 ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ተማሪዎቹ ረትተዋል። በወላጆቹ አድራሻ መመዝገብን የሚመርጥም ብዙ ነው። ስለዚህ የዶርም ጣቢያ ውጤት የመላው ተማሪ አስተያየት ተደርጎ ሊወሰድ አይችልም።

2020ን መነሻ ማድረግ። በኮሮና ምክንያት ብዙ ካምፓሶች በርቀት ያስተምሩ ስለነበር ብዙ ተማሪ የመረጠው ከቤቱ ሆኖ ነው። ከዚያ ዓመት ጋር ሲነጻጸር የዶርም ጣቢያ በ2024 «ጨመረ» ቢባል፣ የጨመረው የተመለሰው ሰው ሊሆን ይችላል። በሌላ ጊዜም ቢሆን በአራት ዓመት ውስጥ የዶርሙ ነዋሪ በሙሉ ማለት ይቻላል ይቀየራል። ስለዚህ «ተማሪዎቹ ሐሳባቸውን ለወጡ» ከማለት «አዲሶቹ ከቀድሞዎቹ ይለያሉ» ማለት ለእውነት ይቀርባል።

በኦሃዮ «ፓርቲ የሌለው» የሚለውን ገለልተኛ ብሎ መተርጎም። እዚያ የመራጩ ፓርቲ የሚመዘገበው በቅድመ ምርጫ (ፓርቲዎች ዕጩዎቻቸውን በሚለዩበት ምርጫ) የየትኛውን ፓርቲ ወረቀት እንደወሰደ ታይቶ ነው። በቅድመ ምርጫ ያልተሳተፈ የ19 ዓመት ተማሪ የጸና አቋም ቢኖረውም ፓርቲ አልባ ተብሎ ይጻፋል።

የዩኒቨርሲቲ ከተማ ሁሉ ዴሞክራት ነው ማለት። ኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ያለባት የኒውዮርክ ግዛቷ ኢታካ በእርግጥ እንደዚያ ናት። ነገር ግን ብሪገም ያንግ ዩኒቨርሲቲ ያለበት የዩታ ካውንቲ ጠንካራ ሪፐብሊካን ነው፤ ቴክሳስ ኤ ኤንድ ኤም ያለበት ብራዞስ ካውንቲም ለሪፐብሊካን ይመርጣል። የዩኒቨርሲቲው ሃይማኖታዊ መሠረት፣ ተማሪው የመጣበት አካባቢና የዙሪያው ሕዝብ ሚዛን አላቸው።

የፕሬዚዳንት ምርጫን ይዞ ስለ ከተማው ምክር ቤት መናገር። የኦሃዮ ከተሞች መሪዎቻቸውን የሚመርጡት ጎዶሎ ቁጥር ባላቸው ዓመታት ነው። ቅድመ ምርጫው ግንቦት መጀመሪያ ላይ፣ ተማሪው ፈተና ጨርሶ ሻንጣውን በሚያስርበት ሰሞን ይውላል። በዚያ ቀን ከተማውን የሚወስኑት ቋሚ ነዋሪዎች ናቸው፤ የሚከራከሩትም በኪራይ ቤት ቁጥጥር፣ አንድ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኑር በሚለውና በመኪና ማቆሚያ ላይ ነው። በእነዚህ ጉዳዮች ሁለት የአንድ ፓርቲ ጎረቤታሞች፣ አንዱ አከራይ ሌላው በሌሊት ጩኸት የተማረረ የቤት ባለቤት ሆነው፣ ተቃራኒ ድምፅ ይሰጣሉ።