ስለ ፕላኔቶች መገጣጠም ስናወራ ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐዋሳ ላይ አመሻሽ ሐይቁ ዳር ቡና ይዞ የተቀመጠ ሰው፣ ስለ ኑሮ ውድነት አውርቶ ሲጨርስ ወደ ሰማይ መሄዱ አይቀርም። "ፕላኔቶች ሊገጣጠሙ ነው፣ ዓለም ልትገለበጥ ነው" የሚል ቪዲዮ በቴሌግራም የደረሰው አይጠፋም። ማመን አለማመን የየራስ ጉዳይ ነው። ካወራን አይቀር ግን እነዚህን እንጠንቀቅ።

ዓመተ ምሕረቱን አለመቀየር። ትንበያው በአብዛኛው የሚመጣው በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። የሳተርንና የኔፕቱን መገጣጠም ፌብሩዋሪ 20 ቀን 2026 ነው ሲባል፣ በኛ የካቲት 13 ቀን 2018 ነው። ይህን ሳያዩ "ገና ስምንት ዓመት አለን" የሚሉ አሉ።

የስም ኮከብን ከዚህ ጋር ማደባለቅ። "ኮከቤ አሰድ ነው፤ ይሄ መገጣጠም ምን ያመጣብኛል?" የሚል ጥያቄ ይበዛል። በአገራችን ስሌት ከ12ቱ ኮከቦች አንዱ የሆነው አሰድ የሚወጣው የራስና የእናት ስም ፊደላት በቁጥር ተደምረው፣ ለ12 ተካፍለው፣ ከሚተርፈው ነው። ሰማዩን ማየት አያስፈልግም። ስለ ዓለም ለውጥ የሚያወራው የኮከብ ቆጠራ ዘርፍ ደግሞ የማንንም ስም አይጠይቅም። የሚከታተለው እንደ ጁፒተርና ሳተርን ያሉትን ቀስ ብለው የሚሄዱ ፕላኔቶች ነው።

ፕላኔቶቹ በእውነት ተጠጋግተዋል ብሎ ማሰብ። ታኅሣሥ 12 ቀን 2013 ጁፒተርና ሳተርን ፀሐይ በጠለቀችበት በኩል፣ ማለትም በሐይቁ አቅጣጫ፣ አንድ ኮከብ ሊመስሉ ምንም አልቀራቸውም። በመካከላቸው የነበረው ክፍተት የጨረቃን ስፋት አንድ አምስተኛ ያህል ብቻ ነበር። ከ1623 እ.ኤ.አ. ወዲህ እንዲያ ተቀራርበው አያውቁም። እንዲህ የታዩት ግን ከምድር በአንድ መስመር ስለሆኑ እንጂ፣ በመካከላቸው ወደ 730 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር። ኮከብ ቆጣሪዎች ያን ቀን "ደለዊ ገቡ" ሲሉ፣ በዓይን ለሚያይ ሰው የነበሩት ገና ከደለዊ በፊት ባለው ኮከብ፣ ጀዲ ውስጥ ነው።

የገጠመውን ብቻ መቁጠር። ዋናው ስህተት ይሄ ነው። በኮከብ ቆጣሪዎች አነጋገር ጁፒተር መስፋፋት፣ ሳተርን ገደብና ሥርዓት ነው። በየ20 ዓመቱ ሲገናኙ መንግሥት ይለወጣል ይባላል። በዘጠነኛው ክፍለ ዘመን ባግዳድ የነበረው ኮከብ ቆጣሪ አቡ መዕሸር ሳይቀር ስለዚህ ጽፏል።

እስቲ በኛ ታሪክ እንፈትነው። የካቲት 1953 ተገናኙ፤ ሁለት ወር ቀደም ብሎ የታኅሣሡ መፈንቅለ መንግሥት ተሞክሯል። ግንቦት 20 ቀን 1992 ተገናኙ፤ በበዓሉ ዕለት፣ ያውም ከኤርትራ ጋር ጦርነት ላይ ሳለን። ጉድ ነው አይደል? በ1973 ግን አንዴም አይደል፣ ሦስቴ ተገናኝተዋል። ምን መንግሥት ተገለበጠ? ንጉሡ በወረዱበት በ1967 መባቻ ደግሞ ተራርቀው ነበር። ደርግ ሲወድቅ ጭራሽ ፊት ለፊት፣ በተቃራኒ ጥግ ነበሩ። እዚህ ላይ አማኙ "መቃረንም እኮ ይቆጠራል" ይልሃል። ለ1967 "የአንድ ሦስተኛ ክበብ ርቀትም ይቆጠራል" ይላል። መገናኘትም፣ መራራቅም፣ መቃረንም ከተቆጠረ የማይገጥም ዓመት ከየት ይመጣል?

ኮሮናም እንዲሁ። ሳተርንና ፕሉቶ ጥር 3 ቀን 2012 ተገናኝተው ነበርና "ወረርሽኙን ያመጡት እነሱ ናቸው" ተባለ። ታዲያ የ1911ዱ የኅዳር በሽታስ? ሁለቱ ከዚያ በፊት ተገናኝተው ከተለያዩ ዓመታት አልፈው ነበር። እኛ ግን ኅዳር 12 በመጣ ቁጥር እስከ ዛሬ ቆሻሻ እናጨሳለን።

በትንበያ ኑሮን መወሰን። በ1524 እ.ኤ.አ. ብዙ ፕላኔቶች ሑት በሚባለው ኮከብ ውስጥ ሲሰበሰቡ አውሮፓ የጥፋት ውኃ ይመጣል ብሎ ተሸበረ። ውኃው አልመጣም። በቪዲዮ ተነስቶ ዕቁቡን የሚያቋርጥ፣ የቤት ሥራውን የሚያቆም ካለ ይሄንን ይንገሩት።

ጁፒተርና ሳተርን ቀጥሎ የሚገናኙት ጥቅምት 2033 ነው። "ትልቅ ለውጥ ይመጣል" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ የቱ አገር፣ ምን ዓይነት ለውጥ፣ እስከ መቼ እንደሆነ አሁኑኑ በወረቀት ጽፎ ቀን ያድርግበት።