ቤታችሁን ያለ ደላላ እንዴት ትሸጣላችሁ?

አዲስ አበባ ላይ ደላላ አብዛኛውን ጊዜ ከሻጭም ከገዢም ሁለት ሁለት በመቶ ይጠይቃል። ቤቱ 10 ሚሊዮን ብር ካወጣ ከእናንተ ኪስ ብቻ 200 ሺህ ብር ሄደ ማለት ነው። ለዚህ ሁሉ ብር ደላላው የሚሠራው ገዢ ማምጣት ነው። ከባዱ ሥራ ወረቀቱ ነው፤ እሱ ደግሞ ድሮም የእናንተ ነው።

ስለዚህ ማስታወቂያ ከማውጣታችሁ በፊት ካርታውን፣ ማለትም የይዞታ ማረጋገጫውን፣ አውጡ። እዚያ ላይ ያለው ስም ከመታወቂያችሁ ጋር በአንድ ፊደል እንኳ ከተለያየ አሁኑኑ አስተካክሉ። እግድና ዕዳ እንደሌለበት ክፍለ ከተማ ሄዳችሁ አጣሩ። ግብር ክፈሉ። ያላገባችሁ ከሆነ ያላገባ ማስረጃ ያዙ። ባለትዳር ከሆናችሁ ደግሞ የቤተሰብ ሕጉ አንቀጽ 68 የጋራ ቤት ለመሸጥ የሁለታችሁንም ስምምነት ይጠይቃል፤ ካርታው በአንዳችሁ ስም ስለሆነ ብቻ ነገሩ አያልቅም። ኮንዶሚኒየም ከሆነ የባንክ ዕዳው መዘጋቱንና መሸጥ የሚከለከልበት አምስት ዓመት መሙላቱን እዩ። ውጭ አገር ሆናችሁ በወኪል የምትሸጡ ከሆነ ውክልናው ላይ ቤቱን መሸጥ እንደሚችል በግልጽ ይጻፍ። «ንብረቴን ያስተዳድር» በሚል ውክልና ቤት አይሸጥም።

ዋጋ ለማውጣት ሰፈር ውስጥ በቅርብ የሸጠ ሰው ጠይቁ። ቴሌግራም ላይ የምታዩት የምኞት ዋጋ ነው።

ማስታወቂያው ቀላል ነው፦ ቴሌግራም፣ ፌስቡክ፣ በር ላይ አንድ ወረቀት። ካርታውን ግን ፎቶ አንስታችሁ እንዳትለጥፉ፣ ለአጭበርባሪ ሲሳይ ነው። «በባለቤቱ የሚሸጥ» ብላችሁ ብትጽፉም ደላላ መደወሉ አይቀርም፤ «ኧረ ደላላ አይደለሁም፣ ለወንድሜ ነው» ይላል። ኮሚሽን እንደማትከፍሉ በቴክስት ጻፉለት፣ በኋላ ላይ «ገዢውን ያመጣሁት እኔ ነኝ» ሲል ማስረጃ ይሆናችኋል።

አሁን ወደ ቀብዱ። ብዙ ሰው የሚቃጠለው እዚህ ጋ ነው። ገዢው ቤቱን ወደደው፣ «ሌላ ሰው እንዳታስገቡ» ብሎ 500 ሺህ ብር ሊያስገባላችሁ ነው። ደስ ይላል። ግን ፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 ላይ፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ፣ ገዢው ሐሳቡን ከቀየረ ቀብዱን ያጣል፣ እናንተ ከቀየራችሁ ደግሞ እጥፉን ትመልሳላችሁ። ነገ የተሻለ ዋጋ የሚሰጥ መጥቶ ለዚያኛው ልሽጥ ብትሉ 1 ሚሊዮን ብር ትመልሳላችሁ ማለት ነው። የውርስ ቤት ላይ ደግሞ ይብሳል፤ አንዱ ወንድም ቀብድ ተቀብሎ እህትየው አልፈርምም ስትል ነገሩ ፍርድ ቤት የሚደርስበት ጊዜ አለ። ፈራሚዎቹ ሁሉ ሳይስማሙ ቀብድ አትንኩ።

የቀብድ ወረቀቱ ላይ ሙሉ ዋጋው፣ ውልና ማስረጃ (የሽያጭ ውሉ የሚረጋገጥበት መሥሪያ ቤት) የምትሄዱበት ቀን፣ የስም ማዛወሪያውን ማን እንደሚከፍል ይግባ። ገዢው በባንክ ብድር የሚገዛ ከሆነ ባንኩ እምቢ ቢል ቀብዱ ምን እንደሚሆንም ይጻፍ። የባንክ ገዢ በጣም ያቆያል፤ የቸኮለ ሰው ጥሬ ብር ያለውን ይጠብቅ ባይ ነኝ።

ገዢው «ግብሩ እንዲቀንስ ውሉ ላይ ዋጋውን ዝቅ እናድርገው» ካላችሁ እሺ እንዳትሉ። ሕገ ወጥነቱ እንዳለ ሆኖ፣ ያልተጻፈውን ቀሪ ብር ቢክዳችሁ በምን ትጠይቁታላችሁ?

ውልና ማስረጃ የምትሄዱት ሁለታችሁም ኦርጅናል ሰነድ ይዛችሁ ነው። ክፍያው በሲፒኦ (ባንክ ለተቀባዩ ስም በሚያዘጋጀው የክፍያ ማዘዣ) ከሆነ ትክክለኛነቱን ካወጣው ቅርንጫፍ ሳታረጋግጡ አትፈርሙ፤ ውሉ ላይ «ሙሉ ክፍያውን ተቀብያለሁ» የሚል ዓረፍተ ነገር አለ፣ እሱን ፈርማችሁ ብሩ ካልገባ ጉድ ነው።

ቁልፉን የምትሰጡት ብሩ ሒሳባችሁ ውስጥ ከገባ በኋላ ነው። በዚያው ቀን የመብራትና የውሃ ቆጣሪውን ንባብ ገዢው ባለበት ፎቶ አንሱ፣ እስከዚያ ያለውን ሒሳብ እናንተ ክፈሉ፣ ቆጣሪዎቹንም ወደ ራሱ ስም እንዲያዞር ንገሩት።