መዝለል ነው መብረር? ስለ ክንፍ ልብስ ስናወራ የምንሳሳታቸው ነገሮች

ክርክሩ የተጀመረው ሱሉልታ፣ እኛ ግቢ፣ እሁድ ቡና ላይ ነው። ታናሽ ወንድሜ ስልኩን አውጥቶ ቪዲዮ ያሳየናል። ሰውየው በብብቱና በእግሮቹ መሃል ጨርቅ የተወጠረበት ልብስ ለብሷል። ከአውሮፕላን ወጣና ደመናውን እየታከከ ተምዘገዘገ። "ይሄ እኮ በረራ ነው!" አለ ወንድሜ።

ጎረቤታችን ጋሼ በወጣትነታቸው አየር ወለድ ነበሩ። ስኒያቸውን አስቀመጡ። "ከአውሮፕላን ወጥተህ በጃንጥላ ካረፍክ ምኑ ነው በረራ? ዝላይ ነው።"

እኔ መሃል ላይ ቀረሁ። ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስከታተል ከረምኩ። ክርክሩን የሚያጦዙት ጥቂት ስህተቶች እንደሆኑ ገባኝ። አንዳንዶቹ ለቡና ወሬ የሚሆኑ ናቸው። አንዳንዶቹ ግን ሰው ይገድላሉ።

ስህተት 1፦ ክንፍ ያለው ሁሉ ያርፋል ብሎ ማሰብ

ይህ ልብስ ዊንግሱት ይባላል። ከፊት ባሉት ቀዳዳዎች አየር ይገባና ጨርቁ ይነፋል፣ ይወጠራል። ሰውየው ራሱ ክንፍ ይሆናል ማለት ነው። እስከዚህ ድረስ ወንድሜን የሚረታው የለም።

ችግሩ መጨረሻው ላይ ነው። አሞራ ሊያርፍ ሲል ክንፉን ወደ ላይ ገልበጥ አድርጎ ፍጥነቱን ይሰብራል። ሰው በዚያች ጨርቅ ይህን ለማድረግ አቅም የለውም። ክብደቱ ብዙ፣ ክንፉ ትንሽ ነው። ዝም ብሎ ቢቀጥል መሬት የሚገናኘው በመኪና አደጋ ፍጥነት ነው። ስለዚህ ገና ከፍ እንዳለ ጃንጥላውን ይስባል። ከዚያ በኋላ ያለው የጋሼ ሙያ ነው።

"ያለ ጃንጥላ ያረፈ አለ" የሚል አይጠፋም። አለ። ጌሪ ኮነሪ የተባለ እንግሊዛዊ የፊልም ስታንት ባለሙያ እ.ኤ.አ. በ2012 ዊንግሱት ለብሶ ከሄሊኮፕተር ዘለለ፤ ጃንጥላ ሳይከፍትም አረፈ። ያረፈው ግን 18,600 ገደማ ካርቶን ተደርድሮ በተሠራ ምንጣፍ ላይ ነው። መርካቶ ያን ያህል ካርቶን አይጠፋም። ድፍረቱን ግን እንጃ።

ስህተት 2፦ "ከአውሮፕላን ከተዘለለ ያው ዝላይ ነው" ማለት

ይሄ የጋሼ ስህተት ነው፤ ከየት እንደመጣም ይገባኛል። እሳቸው ሲዘሉ የጃንጥላው ገመድ አውሮፕላኑ ላይ ይታሰራል። ከበሩ እንደወጡ ገመዱ ራሱ ይስብላቸዋል። በር፣ ንፋስ፣ ጃንጥላ፤ አለቀ። መሃል ላይ የሚበረርበት ጊዜ የለም።

ጃንጥላ ሳይከፍት በሆዱ ተዘርግቶ የሚወርድ ዘላይ በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ቁልቁል ይሄዳል። ዊንግሱት የለበሰው የሚወርድበት ፍጥነት የዚህን ግማሽም አይሞላም፤ ጎበዝ ከሆነ ሲሶው ድረስ ይቀንሳል። የተረፈው ወደ ፊት ጉዞ ይሆናል። አንድ ሜትር ሲወርድ ሁለት ተኩል፣ ጥሩ ከሆነም ሦስት ሜትር ወደ ፊት ይሄዳል።

ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል። ወደ እኛ አገር እናምጣው። ከእንጦጦ ማርያም እስከ መስቀል አደባባይ በቀጥታ ቢለካ 8 ኪሎ ሜትር ቢሆን ነው። የዊንግሱቱ ሰው 3,000 ሜትር እስኪወርድ ድረስ ይህን መንገድ ሊጨርሰው ይችላል። ታክሲ ጠብቀን፣ ተጋፍተን፣ ስድስት ኪሎ ላይ ቆመን የምንደርስበትን ማለቴ ነው።

ስለዚህ ይህ ሰው "የት እወርዳለሁ?" ብቻ ብሎ አይበቃውም። በየት በኩል እንደሚዞር፣ ንፋሱ ከየት እንደሆነ፣ አብረውት የዘለሉት ሰዎች ጃንጥላቸውን የት እንደሚከፍቱ ከመነሳቱ በፊት ማወቅ አለበት። ይህ የአብራሪ ሐሳብ ነው። ዝላይ ብቻ ነው ብሎ የወጣ ሰው መስመር ሳያወጣ ይሄድና ከማረፊያው ኪሎ ሜትሮች ርቆ፣ የሰው ገብስ ላይ ወይም የመብራት መስመር አጠገብ ራሱን ያገኛል። ውድድሩ ራሱ የሚለካው እንደ በረራ ነው። አንድ ኪሎ ሜትር ከፍታ እስኪወርድ ስንት ሰከንድ ቆየ፣ ስንት ሜትር ራቀ፣ በምን ፍጥነት ሄደ ይባላል።

ይህም ሆኖ ግን ዓለም አቀፉ የአየር ስፖርቶች ፌዴሬሽን ዊንግሱትን የመደበው ከጃንጥላ ዝላይ ጋር ነው። ይህን ስነግራቸው ጋሼ "አላልኩህም?" አሉኝ።

ስህተት 3፦ ከጭላት ጋር ማወዳደር

የሱሉልታ ሳር ሜዳ ላይ ቀኑ ሞቅ ሲል ቀና በሉ። ጭላቷ ክንፏን ሳታርገበግብ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ከፍ ትላለች። ከሞቀው መሬት የሚነሳው አየር ነው የሚያነሳት። ፓራግላይደር፣ ማለትም ከተራራ ሮጠው የሚነሱበትን የጨርቅ ክንፍ፣ የሚያበሩ ሰዎችም የሚኖሩት በዚሁ አየር ነው። ፓራግላይደር በረጋ አየር በሰከንድ አንድ ሜትር ከትንሽ ይወርዳል። የሚነሳው አየር በሰከንድ ሦስት ሜትር ከሆነ ሰውየው ወደ ላይ ወጣ ማለት ነው።

ዊንግሱት በሰከንድ 15 ሜትርና ከዚያ በላይ ነው የሚወርደው። ያን ሦስት ሜትር አየር ቢያገኝም ልዩነቱ እምብዛም አይሰማውም። ጭላቷ ሊፍት ውስጥ ናት፤ እሱ ደረጃውን በሩጫ እየወረደ ነው።

እዚህ ላይ አማርኛችንም ያምታታናል። ሁሉንም "ተንሳፈፈ" እንላለን። እኔ ለዊንግሱት "ተንሸራቶ ወረደ" ብል ይቀለኛል። መንሳፈፉን ለጭላቷ እንተውላት።

ስህተት 4፦ ጃንጥላና ፓራግላይደር አንድ ጨርቅ ናቸው ማለት

ፓራግላይደር የሚያበር ጓደኛዬ አንድ ቅዳሜ አሮጌ ጨርቁን ይዞ ሜዳው ላይ መጣ። ጋሼ ዙሪያውን ዞረው አዩት። "ይሄማ ጃንጥላ ነው፤ ሲያቀጥኑት ነው" አሉ።

በታሪኩ ካየነው አልተሳሳቱም። እ.ኤ.አ. በ1978 ሚየሲ በምትባል የፈረንሳይ መንደር የጃንጥላ ዘላዮች ለአውሮፕላን የሚከፍሉት ቢከብዳቸው፣ ጃንጥላቸውን ተራራ ላይ ዘርግተው ቁልቁል ሮጡ። ተነሱ። ፓራግላይዲንግ የሚባለው ስፖርት ያደገው ከዚያ ነው። ዝላይና በረራ የተዛመዱት የዛሬው ዊንግሱት ከመምጣቱ በፊት ነው ማለት ነው።

ከዚያ ወዲህ ግን ሁለቱ ጨርቆች ተለያይተዋል። የዘላዩ ጃንጥላ በከባድ ፍጥነት መሃል እንዲከፈት የተሠራ ነው። በገመዶቹ ላይ እየተንሸራተተች የምትወርድ ትንሽ አራት ማዕዘን ጨርቅ አለችው፤ አከፋፈቱን የምታዘገየው እሷ ናት። ፓራግላይደሩ ረጅምና ቀጭን ነው፤ ገመዶቹም ሲባጎ ያክላሉ። መሬት ላይ ተዘርግቶ፣ አየር ሞልቶት፣ ቀስ ብሎ እንዲነሳ ነው የተሠራው። በ200 ኪሎ ሜትር ፍጥነት ልክፈትህ ቢሉት ይቀደዳል።

እኔም በዚያ ቅዳሜ የራሴን ስህተት ሠራሁ። "ልሞክር" አልኩ። መብረር አይደለም፤ ቆሞ መያዝ ብቻ። ንፋስ መጣ፣ ጨርቁ ከፍ አለ፣ እኔም ኮራሁ። ወዲያው ጎተተኝ። ወደ ኋላ ተንጋልዬ ታገልኩ፤ ባሰበት። በሆዴ እየተጎተትኩ የሳር ክምር ላይ ደረስኩ። የሰፈሩ ልጆች እስከ ዛሬ ሲያዩኝ ይስቃሉ። ጓደኛዬ በኋላ እንደነገረኝ፣ ሲጎትትህ ወደ ጨርቁ ነው የሚሮጠው፤ የኋላውን ገመድ ስበህ። ቀድሞ ቢነግረኝ ምን ነበር?

ስህተት 5፦ አዲስ አበባ ያለችበትን ከፍታ መርሳት

ይሄኛው በብዛት የማይነሳ፣ ለእኛ ግን ዋነኛው ነው። በቪዲዮዎቹ የምናያቸው ዘላዮች አብዛኛውን ጊዜ ከ4,000 ሜትር ይወጣሉ። ያ ግን ከመሬት በላይ ነው፤ መሬታቸውም ብዙ ጊዜ ከባሕር ብዙም አይርቅም። ሱሉልታ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚህ 4,000 ሜትር ልውጣ ያለ ሰው 6,700 ሜትር ላይ ነው ማለት ነው። በአሜሪካ ሕግ ከ4,600 ሜትር ገደማ በላይ አውሮፕላን ውስጥ ላለ ሰው ሁሉ ኦክስጅን መቅረብ አለበት። እኛ ጋ ከሜዳው 1,900 ሜትር ስንወጣ እዚያ ደርሰናል።

የከፍታ መለኪያውም አለ። ዘላይ መሣሪያውን የሚያስተካክለው በሚያርፍበት መሬት ልክ ነው፤ መሬቱ ዜሮ ይሆናል። አንዱ ድሬዳዋ ላይ፣ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ፣ ዜሮ አድርጎ መጥቶ ሱሉልታ ላይ ቢዘል መሣሪያው መሬት ሲነካ እንኳ "1,500 ሜትር ቀርቶሃል" ይለዋል። ጃንጥላ ልሳብ ብሎ የሚያስብበት ከፍታ ላይ፣ ላሚቷ አጠገብ ነው።

አየሩም ስስ ነው። ሯጮቻችን ሱሉልታ ድረስ መጥተው የሚፈልጉት ይህ አየር ጃንጥላን በደንብ አይሸከምም። ያው ጃንጥላ እዚህ ሲያርፍ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው ከመቶ 15 እጅ ያህል ይፈጥናል። ጉልበት ያውቀዋል።

ስህተት 6፦ "ሽሮ ሜዳ እናሰፋዋለን"

ወንድሜ ነው ያለው፤ በቀልድ ይመስለኛል። ሽሮ ሜዳ ጎበዝ ሰፊ እንዳለ አልክድም። ፍራንዝ ራይሽልትም ጎበዝ ልብስ ሰፊ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1912 ራሱ የሰፋውን የጃንጥላ ልብስ ለብሶ ከኤፍል ግንብ አንደኛ ፎቅ፣ ከ57 ሜትር ዘለለ። አልተከፈተም። አሜሪካዊው ክሌም ሶን ራሱ በሠራው የጨርቅ ክንፍ ብዙ ጊዜ ተንሸራቶ ወርዶ ነበር። በ1937 ፈረንሳይ ውስጥ የሞተው ጃንጥላው እምቢ ብሎት ነው። ፈረንሳዊው ሌዮ ቫለንታን በ1956 ሊቨርፑል ላይ ሲዘል የእንጨት ክንፉ ከአውሮፕላኑ ጋር ተጋጨበት፤ ጃንጥላውም አላዳነውም።

የዛሬውን ዊንግሱት መልክ ያስያዘው ፓትሪክ ደ ጋያርዶንም በ1998 ሃዋይ ላይ ሞተ። ልብሱ አልነበረም ጥፋተኛው። የጃንጥላውን ቦርሳ ራሱ አሻሽሎት ነበር። አራቱም ስለ ልብሳቸው ወይም ስለ ክንፋቸው ብዙ አስበዋል፤ በመጨረሻ የከዳቸው ግን ጃንጥላው ነው።

ስህተት 7፦ ቅደም ተከተሉን መዝለል

የአሜሪካ ጃንጥላ ዘላዮች ማኅበር የመጀመሪያውን ዊንግሱት ከመልበስ በፊት ቢያንስ 200 ዝላይ ይጠይቃል። ምክንያቱ ቀላል ነው። ልብሱ እጅና እግርን ይይዛል፤ ሰውየው እንደ እንዝርት መሽከርከር ከጀመረ የሚያድነው ድሮ የለመደው ነው።

ስህተት 8፦ ሰማዩ ባዶ ነው ብሎ ማሰብ

ቦሌ ሩቅ አይደለም፤ አውሮፕላኖቹ በላያችን ያልፋሉ። የሲቪል አቪዬሽን ባለሥልጣንን ሳያስፈቅዱ፣ በፓራግላይደርም ይሁን በሌላ፣ ከዚህ ሜዳ መነሳት አይታሰብም። የሜዳው ባለቤትም ይጠየቁ። ሳራቸው በገንዘብ ነው።

ባለፈው እሁድ ወንድሜ ሌላ ቪዲዮ አመጣ። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ዝም ብለው አዩ። ሰውየው ገደሉን ታኮ አለፈ፣ ዛፉን ታኮ አለፈ፣ ሙዚቃው ጮኸ፣ ጃንጥላው ተከፈተ። ቪዲዮው እዚያ ላይ አበቃ። ጋሼ ስልኩን ገልበጥ አድርገው አዩት።

"የታለ አስተራረፉ? ቆረጣችሁት እንዴ?"