መዝገቡ 116 ይላል፤ ክፍል ውስጥ ያለው ስንት ነው? በአማራጭ ትምህርት ጣቢያ ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

ሀዋሳ ውስጥ አንድ ትንሽ የመንግሥት አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ጣቢያ ለጥቂት ዓመታት አስተባብሬያለሁ። ሦስት ክፍል፣ አንድ ቢሮ፣ አንድ ቧንቧ (ውሃ ከመጣ)። የጣቢያውን ስም አልጠራም። ከዚህ በታች ከማወራው ጥፋት ግማሹን ያጠፋሁት እኔው ነኝ። አሁንም አዲስ የተመደቡ አስተባባሪዎች እየደወሉ ያንኑ ጥያቄ ይጠይቁኛል፦ ስንት ልጅ ልመዝግብ? ስንት ሠራተኛ እንዲመደብልኝ ልጠይቅ? በስልክ መመለስ ስለደከመኝ ይኸው ጻፍኩት።

ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ አማራጭ መሠረታዊ ትምህርት በጊዜው ትምህርት ቤት ላልገቡ ወይም ገብተው ላቋረጡ ልጆች ነው። ሲጀመር የታሰበው ከ7 እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ከ1ኛ እስከ 4ኛ ክፍል ያለውን በ3 ዓመት ጨርሰው መደበኛ ትምህርት ቤት 5ኛ ክፍል እንዲገቡ ነበር። ሰዓቱ ከልጁ ኑሮ ጋር ይስተካከላል። የሚያስተምረው ሰው ብዙ ጊዜ አመቻች ነው የሚባለው። ከአካባቢው የሚመለመል፣ አጭር ሥልጠና የወሰደ፣ ደሞዙም ከመምህር ያነሰ ሰው ነው።

ትንሽ ጣቢያ ስለሆነ ሥራው ቀላል ይመስላል። በሺህ የሚቆጠር ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት አንድ መምህር ቢቀር ሌላው ይሸፍናል። እኛ ጋ አንድ ሰው ቀረ ማለት የጣቢያው ሲሶ ተዘጋ ማለት ነው።

ከመስቀል በፊት ቆጥሮ መጨረስ

ይሄ የመጀመሪያ ዓመት ጥፋቴ ነው፣ አሁንም ያናድደኛል። መስከረም ሁለተኛው ሳምንት ላይ ደረጃ 1ን (ከሦስቱ ዓመት የመጀመሪያውን) ቆጠርኩ፣ 34 ልጅ። ንጹህ አድርጌ ጽፌ ላክሁ። ከላይ ያሉትም "ተማሪ የላችሁም እኮ" ብለው ከሦስቱ አመቻቾች አንዷን ወደ ሌላ ጣቢያ ወሰዷት። ማንንም አልወቅስም፣ ወረቀቱን የላክሁት እኔ ነኝ።

ያላሰብኩት ነገር ምን መሰላችሁ? እኛ ጋ የሚማሩት ብዙዎቹ ልጆች ሥራ ፍለጋ ከወላይታ፣ ከከምባታ፣ ከሀዲያ፣ ከሲዳማ ገጠር የመጡ ናቸው። ሊስትሮ ይሠራሉ፣ ሶፍትና ማስቲካ ያዞራሉ፣ ሰው ቤት ተቀጥረው ልጅ ይይዛሉ። እነዚህ ልጆች ዓመቱን ሙሉ ሳንቲም የሚያጠራቅሙት ለመስቀል አገር ቤት ለመግባት ነው። የወላይታው ጊፋታ፣ የሀዲያው ያሆዴ፣ ሁሉም በዚያው ሰሞን ነው የሚውለው። መስከረም 17 በዓሉ ያልፋል፣ ልጁ ግን በማግስቱ አይመጣም። እናቱ ጋ ይከርማል፣ ሲመለስም አንዳንዴ ታናሽ ወንድሙን ይዞ ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንድ ሰኞ ጠዋት በሩን ስከፍት ግቢው ሞልቷል፤ ደረጃ 1 ብቻውን 61 ልጅ። የተወሰደችውን አመቻች ለማስመለስ ሁለት ወር ፈጀ።

ስለዚህ ሦስት ጊዜ ቁጠሩ፦ በምዝገባው ማብቂያ፣ በጥቅምት ሁለተኛ ሳምንትና ከገና በኋላ። የመስከረሙን ስትልኩ ከቁጥሩ ጎን "ከመስቀል በኋላ የሚመለሱ አሉ" ብላችሁ በጽሑፍ አስቀምጡ። በቃል አታውሩት፤ በቃል የተወራ ነገር ሰው ሲመደብ አይታይም።

ስም ለመሰረዝ መቸኮል፣ ወይም ጨርሶ አለመሰረዝ

ሁለቱም አለ። ቡና ሲደርስ፣ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ፣ የገጠሩ ልጅ ለለቀማ ይሄዳል። ሦስት ሳምንት ሲጠፋ "አቋረጠ" ተብሎ ቀይ መስመር ይሰመርበታል። ሲመለስ ስሙ አይጠራም፣ ልጅ ደግሞ ስሙ ካልተጠራ ያፍራል፣ በዚያው ይቀራል። የልጁን ጓደኛ ጠይቁ። ሊስትሮዎች አብረው ስለሚያድሩ ማን የት እንዳለ ከማንም በላይ ያውቃሉ።

በተቃራኒው ደግሞ የሄደውን ልጅ እንዳለ የሚያስቀር አለ። ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። የትምህርት ቤት ድጎማ፣ ስኩል ግራንት የምንለው፣ በተማሪ ቁጥር ነው የሚሰላው። ቁጥር ማሳበጥ ለጊዜው ጠመኔና ደብተር ያመጣል። ግን ሱፐርቫይዘሩ አንድ ቀን ሳይነግራችሁ መጥቶ ወንበር ቢቆጥር ከዚያ በኋላ እውነተኛ ቁጥራችሁንም የሚያምናችሁ የለም፣ ሰው ስትጠይቁም "እስቲ መጀመሪያ ልጆቹን አሳዩን" ነው መልሱ።

በእርግጥ የሄዱም አሉ። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ሠራተኞች ተከራይተው ከሚኖሩበት ሰፈር የሚመጡ ልጆች ነበሩን፣ ታላቅ እህት ፋብሪካ ትሠራለች፣ ታናሿ ቤት ትጠብቃለች፣ እኛ ጋም ትማራለች። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎአ (ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ) ስታስወጣ ሥራው ቀዘቀዘ፣ የቤት ኪራይ ያቃተው አገሩ ገባ። እነዚህ ልጆች ደህና ሁኑ ሳይሉ ነው የሚጠፉት። ለነሱ "ቤተሰብ ለቀቀ" ብሎ መጻፍና "አቋረጠ" ብሎ መጻፍ ይለያያል፤ የመጀመሪያው የእናንተ ችግር አይደለም።

ጠቅላላውን ለ50 ማካፈል

የብዙዎች ስህተት ይሄ ነው። የመጀመሪያ ደረጃ መለኪያው አንድ ክፍል ለ50 ተማሪ ነው። እኛ 116 ነበርን። 116 ለ50 ሲካፈል ሁለት ከምናምን ይመጣል። "ሁለት ሰው ይበቃችኋል፣ ቢበዛ ሦስት" ተባልን፣ እኔም ሂሳቡ ልክ ስለሆነ ዝም አልኩ።

ሂሳቡ ልክ ነው፣ ክፍሉ ግን እንደዚያ አይደለም። ደረጃ 1 ላይ 61፣ ደረጃ 2 ላይ 38፣ ደረጃ 3 ላይ 17 ናቸው። 17ቱን ልጆች ከ61ዱ ጋር አስቀምጬ ላካፍል አልችልም፤ አንዱ ማካፈል እየተማረ ነው፣ ሌላው ገና እርሳስ አያያዝ እየለመደ። ጥያቄ ስትጽፉ ጠቅላላውን ከታች አድርጉትና ከላይ በየደረጃው አስቀምጡ፦ ለ61ዱ ሁለት ሰው፣ ለ38ቱ አንድ፣ ለ17ቱ አንድ። አራት ሆነ። አራት አይሰጧችሁም፣ እኔም አልተሰጠኝም። ግን ሦስተኛውን ሰው የማይነኩት አራት ስለጠየቃችሁ ነው።

ከዚያ ፈረቃ ነው። ሁለቱ ደረጃ 1ን ይካፈላሉ፣ ሦስተኛው ጠዋት ደረጃ 2ን፣ ከሰዓት ደረጃ 3ን ይይዛል። እዚህ ላይ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይሄን ሰው በቃል ተስማምታችሁ፣ "አይዞህ እናስብልሃለን" ብላችሁ አታስገቡት። ትርፍ ሰዓቱ በደብዳቤ ይታወቅ። እኛ ጋ አይዞህ የተባለው አመቻች እስከ ጥር ታገሠ፣ ከዚያ የባጃጅ ሹፌር ሆነ፤ ዛሬም መናኸሪያ አካባቢ ሲያገኘኝ ሂሳብ አይቀበለኝም፣ እኔ ግን በኪሎ ሜትሩ ልክ አፍራለሁ።

የልደት ካርድ ካላመጣህ ብሎ መመለስ

በሀገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በመላ አገሪቱ የተጀመረው ሐምሌ 30 ቀን 2008 ነው። ከዚያ በፊት የተወለደ ልጅ፣ ያውም ገጠር፣ የልደት ካርድ ከየት ያመጣል? የአሳዳጊ መታወቂያ የለውም፣ አሳዳጊው ራሱ 16 ዓመቱ ነው። መልቀቂያም አይጠየቅም፣ ምኑን ለቆ። መጀመሪያ መዝግቡት፣ ወንበር ስጡት፣ ወረቀቱን በዓመቱ ውስጥ ከቀበሌ ጋር ታስጨርሳላችሁ። በር ላይ የተመለሰ ልጅ ሁለተኛ አይመጣም።

በቁመት መመደብ

ረጅሙን ልጅ ደረጃ 2፣ አጭሩን ደረጃ 1። ስቃችሁ ይሆናል፣ ግን ይደረጋል። አንድ ገጽ አስነብቡት፣ አስጽፉት፣ አስደምሩት፤ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። በየትኛው ቋንቋ እንደሚሰማም አብራችሁ ጠይቁት። ሀዋሳ ላይ አንድ ክፍል ውስጥ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛና አማርኛ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። አመቻች ስትመለምሉ ከትምህርት ማስረጃው ቀጥሎ ማየት ያለባችሁ ከልጆቹ ቋንቋ ስንቱን ይችላል የሚለውን ነው። ሁለት ቋንቋ የሚችል አመቻች እንደ አንድ ሰው አትቁጠሩት።

ሠራተኛ ማለት አስተማሪ ብቻ ይመስለናል

ይሄን ያስተማረኝ አንድ የሊስትሮ ሳጥን ነው። ወደ 12 ዓመት የሚሆነው ልጅ ነበር፣ ጎበዝ፣ መጀመሪያ ረድፍ ላይ የሚቀመጥ። ድንገት ቀረ። አንድ ሳምንት፣ ሁለት ሳምንት። ስሙን ልሰርዘው ብዕር ሳነሳ አመቻቿ "ቲቸር፣ ልጁ እኮ አጥሩ ሥር ነው የሚቀመጠው" አለችኝ። ወጥቼ አየሁት። ሳጥኑ ላይ ተቀምጦ በመስኮት የሚመጣውን ድምፅ እየሰማ ነው።

ለካ አዲስ የተቀጠሩት የጥበቃ አባባ ሳጥን ይዞ መግባት ክልክል ነው ብለውታል። ግቢው እንዳይቆሽሽ ነው፣ ክፋት አይደለም። ልጁ ደግሞ ሳጥኑን ውጭ ትቶ አይገባም። ብሩሹ፣ ቀለሙ፣ የነገ እራቱ እዚያ ውስጥ ነው። ጥበቃውን "አባባ፣ የእኛ ተማሪ ከነሳጥኑ ነው" አልኳቸው፤ ሳቁ፣ ገባቸው። ከዚያ በኋላ ሳጥኖቹ በግድግዳው ሥር ተደርድረው ነበር የሚውሉት፣ ክፍሉም የኪዊ ቀለም ይሸታል።

ጥበቃው፣ ጽዳቷ፣ በር ላይ መጀመሪያ ልጁን የሚያገኙት እነሱ ናቸው። አመቻች ሲሠለጥን አብረው ይቀመጡ፣ ግማሽ ቀን ይበቃል።

ሰዓት ሳይወስኑ ሰው መቅጠር

ሊስትሮ ገበያው ከጠዋቱ 1 እስከ 3 ሰዓት፣ ሰው ወደ ቢሮ ሲገባ ነው። ሐይቁ ዳር አሞራ ገደል አሣ የሚሠሩት ልጆችም ጠዋት አይገኙም። ልጆቹ ነፃ የሚሆኑት ረፋድ ላይ ነው። እናንተ ግን አመቻቹን ጠዋት 2 ሰዓት ብላችሁ ቀጥራችሁ እሱም ከሰዓት የግል ትምህርት ቤት ሥራ ይዟል። መጀመሪያ ልጆቹን ጠይቁ፣ ሰዓቱን ወስኑ፣ ከዚያ ማስታወቂያ ለጥፉ።

የታወቀን ፈቃድ እንደ ድንገተኛ ማየት

አንዷ አመቻች ጥቅምት ላይ ቢሮ ገብታ ቀስ ብላ ነገረችኝ። እንኳን ደስ አለሽ አልኩ፣ ደስታዬም እውነት ነበር፣ ከዚያ ረሳሁት። በፌዴራል የመንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ከወሊድ በፊት 30 ቀን፣ ከወሊድ በኋላ 90 ቀን ፈቃድ አለ። አራት ወር ማለት ነው፣ የትምህርት ዓመቱ ግማሽ ሊሆን ምንም አይቀረው። የካቲት ላይ እኔ ራሴ ጠመኔ ይዤ ሁለት ክፍል መሃል ስሮጥ፣ ቢሮው ተቆልፎ፣ የስድስት ወር ሪፖርቱ ሳይላክ፣ ያኔ ነው የነቃሁት።

ተተኪ በኮንትራት ለመጠየቅ ደብዳቤው በተነገራችሁ ሳምንት ይውጣ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ጀምሮ ሰኔ 30 ያልቃል፣ የእኛ ልጆች ደግሞ የሚቆጠሩት ጥቅምት ነው፤ ገንዘቡ ቀድሞ ተከፋፍሏል። ዓመቱ ሳያልቅ ለሚቀጥለው ዓመት ጥያቄ ስታዘጋጁ የጥቅምቱን ቁጥር እንጂ በሰኔ የቀሩትን ልጆች አትጻፉ፣ አለዚያ በየዓመቱ አንድ ሰው እንደጎደላችሁ ትቀጥላላችሁ።

የጨረሰውን ልጅ በር ላይ መሸኘት

ሰኔ ላይ 17ቱ ደረጃ 3 ልጆች ጨረሱ። ሰርተፊኬት ሰጠን፣ ቆሎ በላን፣ ፎቶ ተነሳን። መስከረም ላይ 5ኛ ክፍል ገብተው ያገኘናቸው 9 ብቻ ናቸው። የቀሩት 8ቱ ሰፊውን ግቢ፣ ዩኒፎርሙን፣ ሰልፉን አይተው ተመልሰዋል፣ አንዱ እንዲያውም እኛው ጋ ደረጃ 1 ሊመዘገብ መጣ። በቀጣዩ ዓመት ነሐሴ መጨረሻ ላይ ልጆቹን ይዘን በእግራችን ወደ መደበኛው ትምህርት ቤት ሄድን፣ አመቻቿ እዚያው ቆማ አስመዘገበቻቸው። መዝገባችን ላይም ከስማቸው ቀጥሎ "የት ገባ" የሚል አምድ በእጅ አሰመርን።