ከግድቡ ግርጌ የሚወጣው ውሃ ሲደፈርስ

ለመጠጥ ውሃ የሠራናት ትንሽ የአፈር ግድብ ግርጌዋ ሁሌም ይረጥባል። የአፈር ግድብ ጠብታ አያሳልፍም የሚል ሰው ግድብ አያውቅም፤ እኔን ያስደነገጠኝ የውሃው ቀለም ነው። በብርጭቆ ቀድቼ ሳስቀምጠው ከታች ስስ ደለል ተኛ። ውሃው የግድቡን ሆድ እየሸረሸረ ነበር።

እኔ ቀዳዳውን በሸክላ አፈር ልደፍን ነበር። ደግነቱ የጠራሁት መሐንዲስ ከለከለኝ፤ መውጫው ሲደፈን ግፊቱ ውስጥ ይጠራቀምና ውሃው በሌላ በኩል ይፈነቅላል። በመውጫው ላይ መጀመሪያ አሸዋ፣ ከዚያ ጠጠር፣ በላዩ ድንጋይ ደረደርን፦ ውሃው ያልፋል፣ አፈሩ ይቀራል። የተጠራቀመውንም ውሃ ቀስ በቀስ ዝቅ አደረግን፤ በአንዴ ቢለቀቅ በውሃው በኩል ያለው የራሰ ተዳፋት ሊናድ ይችላል።

ውሃው ዝቅ ካለ በኋላ መንገዱን ፍለጋ ስንቆፍር የበሰበሰ የዛፍ ሥር አገኘን፤ ውሃው የሚሾልከው በእሱ በኩል ነበር። ዛፉን ከዓመታት በፊት የቆረጥኩት፣ ጉቶውን የተውኩትም እኔው ነኝ። ሥሩን ነቅለን አፈሩን በስስ ንብርብር እየጠቀጠቅን ሞላነው።

አሁን ግርጌው ላይ የሚወጣውን ውሃ መጠን ለመለካት ባለ 90 ዲግሪ የቪ ቅርጽ ቅድ የብረት ሳህን ተክያለሁ። በቅዱ ውስጥ የሚያልፈው ውሃ 5 ሴንቲ ሜትር ከፍታ አለው ማለት በሰከንድ 0.8 ሊትር ገደማ ነው። ይህን በየሳምንቱ ከግድቡ የውሃ ከፍታ ጎን መዝገብ ላይ እጽፋለሁ፤ ብርጭቆዋም አልቀረችም።