የድሮ የብርጭቆ ብይ እንዴት ይለያል?

ባለፈው ክረምት ደብረ ማርቆስ፣ ወላጆቼ ጓሮ፣ ጎመን ስነቅል አንዲት ብይ ከሥሩ ጋር ወጣች። ጭቃውን በአውራ ጣቴ ጠርጌ ወደ ብርሃን አነሣኋት። ወተት የመሰለ ነጭ ላይ ሰማያዊ ተጠምጥሞባታል። እናቴ «ያንተው ትሆናለች፣ ስንቱን ጥለህ» አለችኝ። የእኔ አልነበረችም። እኛ የተጫወትንባቸው ብዮች በሙሉ አንድ ዓይነት ነበሩ።

ሥራው የሚጀምረውም ከዚሁ አንድ ዓይነት ነው። ከሱቅ አንድ እፍኝ አዲስ ብይ ግዙና በደንብ እዩት። ጥርት ያለ ብርጭቆ ነው፤ መሃሉ ላይ ቅጠል የመሰለ ቀለም አለ። የድመት ዓይን ይባላል። ይህ ዓይነቱ ከጃፓን በብዛት መውጣት የጀመረው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ ነው። ስለዚህ ውስጡ የድመት ዓይን ካለ «የቅድመ አያቴ ነው» ቢሏችሁም አትመኑ። መጠኑም ብዙውን ጊዜ 16 ሚሊ ሜትር አካባቢ ነው። ተራውን ዓይናችሁ ከለመደ፣ ለየት ያለው ራሱ ይጠራችኋል።

ቀጥሎ ጠባሳ ፈልጉ። ትልቁ ምስጢር እዚህ ነው፤ አትቸኩሉ። በጀርመን ቱሪንጂያ ላውሻ በምትባል የብርጭቆ ሠሪዎች መንደር እ.ኤ.አ. በ1840ዎቹ ለብይ የሚሆን ልዩ መቀስ ተሠራ። ባለሙያው ባለቀለም ክር ያለበትን ትኩስ የብርጭቆ ዘንግ እያሽከረከረ ጫፉን በመቀሱ ያድበለብልና ይቆርጠዋል። የተቆረጠበት ቦታ ሻካራ ሆኖ ይቀራል፤ አንዳንዴ ተሞርዶ ትንሽ ጠፍጣፋ ይሆናል። ብይዋን መስኮት አጠገብ ይዛችሁ በቀስታ አዙሯት፣ ጥፍራችሁንም አስኪዱባት። በእጅ የተሠራች ከሆነች ክሮቹ እንደ ሹሩባ ተጠማዘው ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው ይሄዳሉ፤ ጠባሳውም ክሮቹ በሚገናኙበት ጫፍ ላይ ይገኛል። ብዙዎቹ ሁለት አላቸው፣ አንዳንዶቹ አንድ ብቻ።

ጀማሪን የሚሸውደው ስባሪ ነው። ብይ ከብይ ሲጋጭ የምትፈነቀለዋ ቦታም ጥፍር ትይዛለች። ግን ስባሪ የትም ቦታ ሊኖር ይችላል፣ የክሩን አቅጣጫ አይጠብቅም፤ ውስጡም ያብረቀርቃል። ሌላው የተለመደ ስህተት የአየር አረፋ ነው። አረፋ ስላላት ብቻ የድሮ ናት ማለት አይደለም።

ጠባሳ ከሌላት የማሽን ሥራ ትሆናለች፤ ያ ማለት ግን አዲስ ናት ማለት አይደለም። ማርቲን ክርስቴንሰን የተባለ አሜሪካዊ በኦሃዮዋ አክሮን ከተማ የብይ ማሽን ፈልስፎ እ.ኤ.አ. በ1905 የፈጠራ መብት አግኝቷል። አንደኛው የዓለም ጦርነት የጀርመኑን ንግድ ሲያቋርጠው ደግሞ ገበያው ወደ አሜሪካ ፋብሪካዎች ዞረ። ከእነሱ አንዱ አክሮ አጌት እ.ኤ.አ. በ1951 ተዘጋ። የሚታወቅበት ብይ ቀለሞቹ እንደ ብሎን ጥርስ ዙሪያውን እየተጠመጠሙ የሚወጡ ናቸው።

ውስጧ ምንም የቀለም ክር የሌላት፣ ጥርት ያለች አረንጓዴስ? ምናልባት የጠርሙስ ክዳን ነበረች። ሂራም ኮድ የተባለ እንግሊዛዊ እ.ኤ.አ. በ1872 በብይ የሚዘጋ የለስላሳ ጠርሙስ አስመዘገበ። ልጆቹ ታዲያ ብዩን ለማውጣት ጠርሙሱን ይሰብሩት ነበር። ልጅ የትም ልጅ ነው።

አንድ ጨዋታም አለ። ሐሰተኛ ብር የሚፈተሽበት ሐምራዊ መብራት ካገኛችሁ ጨለማ ውስጥ አብሩባት። ደማቅ አረንጓዴ ካበራች ዩራኒየም የተጨመረበት ብርጭቆ ናት። ደስ ይላል፤ ዕድሜን ግን ለብቻው አይነግራችሁም።

ፍለጋውን ከቤታችሁ ጀምሩ። የአዝራር ቆርቆሮ፣ የሴት አያት ሣጥን፣ የልብስ ስፌት መኪና መሳቢያ። ዝናብ አፈር ሲያጥብ ደግሞ ግቢ ውስጥ ዓይናችሁን መሬት ላይ አድርጉ። ባሕር ዳር ከሆናችሁ ቅዳሜ ገበያን ዞር ዞር በሉ፤ ቆራሌውንና ልዋጩንም ቀድማችሁ አስጠንቅቁ። ከልጅ ስትወስዱ አታጭበርብሩ። እኔ ለአንድ አሮጌ አሥር አዲስ እሰጣለሁ። ልጁ እኔን ሞኝ ብሎ እየሳቀ ይሄዳል፤ ይሂድ።

እጥበቱ ቀላል ነው፦ ለብ ያለ ውኃ፣ ትንሽ ሳሙና፣ ለስላሳ ጨርቅ። የፈላ ውኃ አታስጠጉ። አንዷን ቆንጆ ለሻይ በጣድኩት ውኃ ላጥባት ብዬ «ጠቅ» የሚል ድምፅ ሰማሁ፤ ከዳር እስከ ዳር ተሰነጠቀች። እንድታብረቀርቅ ብላችሁም አታስሞርዷት። የላይኛው ፊት ሲነሣ ጠባሳውም ሊጠፋ ይችላል፤ ሰብሳቢ ደግሞ ከተሞረደችው ይልቅ የተጫረችውን ይመርጣል።

ማስቀመጫው የእንቁላል ትሪ ነው፤ አንድ ጉድጓድ ለአንድ ብይ፣ እርስ በርስ እንዳይጋጩ። በካሊፐር (ውፍረት በሚለካ መሣሪያ) ለኩና መጠኗን፣ የተገኘችበትን ቦታና ቀን በቁራጭ ወረቀት ጽፋችሁ ከሥሯ አድርጉ። የእናቴ ጓሮዋ ብይ ጠባሳ የላትም፤ ሰማያዊው ዙሪያዋን ሁለት ጊዜ ዞሮ ያልቃል። ወረቀቷ ላይ «ደብረ ማርቆስ፣ ነሐሴ፣ ከጎመን ሥር» ይላል። እናቴ አሁንም ያንተ ናት ትላለች።