ለእማዬ የኢራን ፊልም እንዴት እንደምተረጉምላት

እማዬ እንግሊዝኛ አታነብም። ፊልም ግን ነፍሷ ነው። በወጣትነቷ ሲኒማ ቤት ገብታ የህንድ ፊልም ያለ ትርጉም አይታ፣ አልቅሳ የምትወጣ ሴት ነበረች። ቃና ቲቪ በ2008 ዓ.ም. ሲመጣ የቱርኩ ድራማ በአማርኛ ገባላት። እኔ የምወደውን የኢራን ፊልም ግን በአማርኛ አላገኘሁላትም። ስለዚህ አጠገቧ ቁጭ ብዬ ሰብታይትሉን፣ ማለትም ከፊልሙ ስር የሚወጣውን የእንግሊዝኛ ጽሑፍ፣ እያነበብኩ በአማርኛ እነግራታለሁ። ለእናታችሁ ወይም ለአያታችሁ ልትሞክሩት ካሰባችሁ፣ እኔ እንዲህ ነው የማደርገው።

መጀመሪያ ወሬ የማይበዛበት ፊልም ምረጡ። እኔ የጀመርኩት በዳይሬክተሩ ማጂድ ማጂዲ «ችልድረን ኦፍ ሄቨን» ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የወጣ፣ አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ የሚሄድ ፊልም ነው። አሊ የሚባል የቴህራን ልጅ የእህቱን ጫማ አሰፍቶ ሲመለስ ይጠፋበታል። አባታቸው ሌላ መግዣ የለውም። ሁለቱ ልጆች በአንድ ጫማ ይማራሉ፤ ዘህራ ጠዋት፣ አሊ ከሰዓት። ፈረቃ ተምሮ ላደገ ሰው ይሄ ማብራሪያ አይፈልግም። ዘህራ ከትምህርት ቤት እየሮጠች ስትመጣ እማዬ ከሶፋው ላይ «ድረሽ፣ ድረሽ!» ትላት ነበር።

ፊልሙን ብቻችሁን አስቀድማችሁ እዩት። እኔ ይሄን ዘልዬው ተቸግሬያለሁ። ልጆቹ ወላጆቻቸው እንዳይሰሙ ደብተር ላይ እየተጻጻፉ የሚያወሩበት ቦታ አለ። ማንም አፉን አይከፍትም፣ ሰብታይትሉ ግን ይሮጣል። የቱን ማን እንደጻፈው ስፈልግ አለፈ። ወደ ኋላ መለስኩት፤ ስሜቱ ግን ሄዷል።

የላፕቶፑ ነገር ቀላል ነው። የሰብታይትሉን ፋይል ስም ከፊልሙ ስም ጋር አንድ አድርጋችሁ አንድ ፎልደር ውስጥ አስቀምጡ። ቪኤልሲ የሚባለው የፊልም ማጫወቻ ፕሮግራም ራሱ ያነሳዋል። ጽሑፉ ንግግሩን ከቀደመ ኤች፣ ከዘገየ ጂ የሚለውን ፊደል ተጫኑ። በአንድ ጊዜ የሚያስተካክለው 50 ሚሊሰከንድ ብቻ ስለሆነ ደጋግማችሁ ተጫኑት።

አሁን ትርጉሙ። ሁሉንም ቃል አትከተሉ። አባትየው ለመስጊድ የሚሆን ስኳር እየሰባበረ ነው። ዘህራ ሻይ ታመጣለታለች። ስኳር አምጪልኝ ይላታል። ይሄ ሁሉ ስኳር ፊትህ እያለ? ስትለው የመስጊዱ እንደሆነ ያስረዳታል። እኔ «አደራ ነው» አልኩ። በቃ። እማዬ እጇን አገጯ ላይ አድርጋ «እሰይ፣ ይሄ ነው አባት» አለች። የሰውየው ማንነት በአንዲት ቃል ገባላት። እንዲህ ዓይነት ቃል ከራሳችን ቋንቋ ፈልጉ።

እነሱ ዝም ሲሉ እናንተም ዝም በሉ። ወደ መጨረሻ ላይ የሩጫ ውድድር አለ። ሦስተኛ ለሚወጣው ሽልማቱ ጫማ ነው። እሱን ሳታስጨብጧት እንዳያልፍ፤ ካልገባት የሚቀጥለው ሁሉ ተራ ሩጫ ይሆንባታል። ከዚያ በኋላ አንድም ቃል አትተንፍሱ።

የሌላውን የኢራን ዳይሬክተር፣ የአስጋር ፋርሃዲን «ኤ ሴፓሬሽን» ለኋላ አቆዩት። እ.ኤ.አ. የ2011 ፊልም ነው፤ በ2012 ኦስካር አግኝቷል። ከሁለት ሰዓት በላይ ክርክር ስለሆነ ለሁለት ምሽት ከፈልኩት። ሲጀምር ባልና ሚስት ወደ እኛ እያዩ ይሟገታሉ። የዳኛው ድምፅ እንጂ ፊቱ አይታይም፤ ካሜራው እሱ ቦታ ላይ ነው። «ዳኛዋ አንቺ ነሽ» አልኳት። ነጠላዋን አስተካክላ ተቀመጠች።

እዚህ ላይ ድምፃችሁን ጠብቁ። የመጀመሪያው ምሽት የባልየውን ንግግር በቁጣ ተረጎምኩት፤ እማዬ ወዲያው ጠላችው። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። በማግስቱ ሁለቱንም በአንድ ረጋ ያለ ድምፅ ተናገርኩላቸው። ፊልሙ ሲያልቅ ራት ቀርቦ እየቀዘቀዘ፣ እሷ ለሚስትየዋ እኔ ለባልየው ስንሟገት አመሸን።